ኦሞራቴ ያልሰማችው ፍንዳታ

የድማሚት አፈንጂዎችን ታሪክ አንሥቼ ከኦሞራቴ ጋር ማያያዜ ለአንዳንዱ አንባቢ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ሊመስለው ይችላል። አይፈረድበትም። ኦሞራቴ አለት የሚፈነቀልባት ከተማ አይደለችም። በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለኬንያ ድንበር ቀርባ፣ ወንዙ ለዘመናት ተሸክሞ ባመጣው ደለል ላይ የተቆረቆረች የዳሰነች ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ምድሯ ሜዳ ነው፤ ሙቀቷና አቧራዋ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሃያ ዓመታት በአገራችን ተራሮች ላይ የተለኮሰው ድማሚት እንደ ኦሞራቴ ኑሮውን የለወጠበት አካባቢ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ግን ከዛሬ ተነሥቼ ወደ ኋላ፣ ከወንዙ አፍ ተነሥቼም ወደ ላይ መሄድ ይኖርብኛል።

ስም ያልወጣለት ሙያ

ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ድማሚትን በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1867 ነበር። የፈጠራው ምሥጢር ሲነግሩት ቀላል ነው። በትንሽ ንቅናቄ የሚፈነዳውን፣ የገዛ ወንድሙን ሳይቀር የፈጀውን ናይትሮግሊሰሪን የተባለ ፈሳሽ፣ ለስላሳ አፈር እንዲመጠው አድርጎ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚችል ነገር አደረገው። በእጅ መያዙ ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። ድማሚት በሚሠራበትና በሚነካካበት ቦታ የዋለ ሠራተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዘዋል። ሰውነቱ እየለመደው ሲሄድ ይሻለዋል፤ በእሑድ ዕረፍት ልማዱ ይጠፋና ሰኞ ጧት ሕመሙ እንደ አዲስ ይነሣበታል። በአውሮፓ «የሰኞ በሽታ» እስከ መባል የደረሰው ለዚህ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር የደም ሥርን ስለሚያሰፋ በኋላ ለልብ ሕመም መድኃኒት ሆነ፤ ኖቤልም በስተርጅናው ሐኪሞቹ ያንኑ አዘዙለት። ዓለም የኖቤልን ስም በሽልማቱ ያስታውሳል፤ ራሱን እያመመው አለት ያፈነዳውን ሠራተኛ ግን የሚያስታውሰው የለም።

በእኛም አገር የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የፈቃዱን ባለቤት፣ የኩባንያውን መክሰር፣ የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ሽኩቻ የሚተርክ መጽሐፍ ሞልቷል። አለቱን የሰነጠቀው ሰው ግን «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ታልፏል።

ቀጥሎ ፋሽስት ኢጣልያ መጣ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት መንገድ የጦርነት መሣሪያ ስለነበር ተራራ በፍጥነት ተቦረቦረ። የሊማሊሞ ጠመዝማዛና ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ድንጋይ የሚፈነቀልበትን ቦታ «ካባ» የምንልበት ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በ1933 ዓ.ም. ሽንፈቱ ሲቃረብ ደግሞ ያው እጅ የአዋሽን ድልድይ በፈንጂ አፍርሶ ሸሸ። ድማሚት የሚያገለግለው ያዘዘውን ጌታ ነውና። የጣርማ በሩ ዋሻ በሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ዋሻው ሮም ተቀምጦ ባዘዘው ሰው ስም ሲጠራ፣ ጢሱን እየሳበ የቦረቦረው ግን ስም የለውም።

በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያውን የመንገድ ብድር አገኘች፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚሠራበት አገር ሁሉ የድማሚት ድምፅ የማይረሳው ሽማግሌ አለው። የመንገዱን መራቂዎች ስም ከእብነ በረዱ ላይ ማንበብ ይቻላል። የአፈንጂዎቹ ስም የሚነበብበትን እብነ በረድ ግን እኔ እስካሁን አላየሁም።

የአፈንጂው ሕግ

ይህ ሙያ ጥብቅ ሥርዐት አለው። መጀመሪያ አለቱ በመሰርሰሪያ ይበሳል። አፈንጂው ጉድጓዱን ይሞላል፤ የሚጠቀጥቀውም በእንጨት ዘንግ ነው፤ ብረት ብልጭታ ያወጣልና። የጉድጓዱ አፍ በጭቃ ወይም በጠጠር ይደፈናል። ከዚያ ቀይ ባንዲራ የያዙ ሰዎች በመንገዱ ጫፍና ጫፍ ይቆማሉ፤ ጡሩምባ ይነፋል፤ እረኛው ከነከብቱ፣ መንገደኛው ከነጓዙ ፍንጣሪ ከሚደርስበት ክልል እንዲወጣ ይደረጋል። ክሩ ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ቆጠራ አለ። በየክሩ በሚለኮስበት ዘመን አፈንጂው ተደብቆ ጆሮውን አቁሞ ይቆጥር ነበር። 12 ጉድጓድ ከተሞላ 12 ፍንዳታ መሰማት አለበት። 11 ብቻ ከተሰማ አለቃም ቢቆጣ፣ ቀኑም ቢመሽ፣ ወደ ቦታው የሚቀርብ የለም። ሳይፈነዳ የቀረው አንዱ ጉድጓድ ከፈነዱት ሁሉ ይከፋልና። ድምፁን አጥፍቶ ዶማ የሚያሳርፍበትን ሰው ይጠብቃል።

እንግዲህ ሕጉ ሦስት ቃል ነው፦ ከመለኮስህ በፊት አስጠንቅቅ፤ ከለኮስህ በኋላ ቁጠር፤ የቀረውን ሳትመረምር «ሰላም ነው» አትበል። ይህን ሕግ የሚጥስ አፈንጂ ዕድሜው አጭር ነው። በእኔ እምነት ይህ ሕግ ተራራ ለሚያፈነዳ መንግሥትም መሥራት ነበረበት።

ሐምሌና ነሐሴ 1998

የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውል የተፈረመው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል ባለው የኦሞ ገደል ውስጥ ወንዙን ከመንገዱ ለማስወጣት ዋሻዎች ተፈለፈሉ፤ ከ240 ሜትር በላይ ለሚቆመውና ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ለሚውጠው ግድብ የሚሆን ድንጋይ ከተራራው እየተፈነቀለ ተፈጨ። በገደሉ አፋፍ ላሉ መንደሮች ሳይረን ሳይነፋ አልቀረም። ጡሩምባው ግን የሚደርሰው ፍንጣሪው እስከሚደርስበት ብቻ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ታች ላለችው ኦሞራቴ የነፋ አልነበረም።

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተፅዕኖ ተገምግሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የጊቤ 3 ፈቃድ የተሰጠው ግን በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ሥራው ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በአፈንጂ ቋንቋ ስንናገረው፣ ጡሩምባው የተነፋው ክሩ ከተለኮሰ በኋላ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውም ወገን ሊነገር ይገባል። ውሉ በተፈረመ በማግሥቱ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከዳርቻው ወጥቶ በዳሰነች 364 ሰዎችን እንደ ጨረሰ ተዘግቧል። ግድቡ ከእንዲህ ያለ እልቂት ይታደጋል የሚለው ክርክር ባዶ አልነበረም። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙም ቀልድ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ የማነብበት መብራት ከየት እንደሚመጣ አልረሳሁም። ጥያቄዬ ግድብ ለምን ተሠራ የሚል አይደለም፤ በፍንጣሪው ክልል ውስጥ ማን እንደ ነበር ለምን አስቀድሞ አልተቆጠረም ነው።

ጎርፍ ለዳሰነች ሁለት ፊት ነበረው። የሚገድለው ጎርፍ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የሚያበላው ጎርፍ ግን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። በክረምቱ ማብቂያ ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን በደለል ያለብሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ማሽላ ይዘራል፤ ለከብቱም ሣር ይበቅላል። ውሃ ሸሽ እርሻ የሚባለው ይህ ነው። ማዳበሪያውም መስኖውም ጎርፉ ነበር። ግድቡ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ሲጀምር ይህ የዘመን አቆጣጠር ተቋረጠ። በጥናቱ ለታችኛው ኦሞ በየዓመቱ ለ10 ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነዋሪው ይጠብቀው የነበረውን ጎርፍ አላየም። በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ ያበሠሩት የስኳር ልማትም ከዚያው ወንዝ ድርሻውን ጠየቀ። ግድቡ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተጨበጨበ፤ «ሰላም ነው» ተባለ።

ሳይፈነዳ የቀረው ግን ነበር። አብዛኛውን ውሃውን ከኦሞ የሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ ጉዳይ አሳስቦት ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. የሐይቁን ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ዝናቡ በዝቶ፣ ሐይቁም ከፍ ብሎ፣ የኦሞ ውሃ በዳሰነች ላይ ደጋግሞ ወጣ። ሕዝቡን በብዛት አፈናቀለ፤ በ2017 ዓ.ም. መባቻም ለኦሞራቴ ከተማ ራሷ ስጋት ሆነ። ይህን ሁሉ በግድቡ ማሳበብ ከእውነት መራቅ ነው። ነገር ግን ግድቡ ሲሠራ ለዳሰነች የተነገረው፣ ጎርፍ ከእንግዲህ በሰው እጅ ነው የሚል ነበር። አሁን የሚጠበቀው ጎርፍ ሳይመጣ፣ ያልተጠበቀው መጣ።

ሁለቱ ያልተቆጠሩት

በዚህ ታሪክ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። አንዱ ክሩን የለኮሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። መልካም ሕግ ነው። ሕግ የሚከተለው ግን በመዝገብ ላይ ያለን ስም ነው፤ ስሙ ያልተመዘገበ ዕለተኛ በናዳ ቢወሰድ በማን ስም ይከሰሳል? ሌላው ፍንዳታውን ሳይሰማ ፍንጣሪው የደረሰበት ነው። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ በገደሉ አናት፣ ሌላው በወንዙ አፍ ነው። ምናልባትም ቢገናኙ የሚግባቡት እነሱ ናቸው፤ አፈንጂው ሳይቆጥሩ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ያውቃልና።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙ ተራራ ገና ይቀረናል፤ ብዙ ድማሚትም ይለኮሳል። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በእያንዳንዱ ምረቃ ከባለሥልጣናቱ ስም ጎን በሥራው የሞቱት ሠራተኞች ስም ይቀረጽ፤ የቀሩት አፈንጂዎችም በሕይወት ሳሉ ታሪካቸው ይቀዳ። ሁለተኛ፣ የፍንጣሪው ክልል እስከ ወንዙ መጨረሻ ድረስ ይለካ፤ ጡሩምባውም እዚያ ላሉት በሚሰሙት ቋንቋ አስቀድሞ ይነፋ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላል ያገራችን ሰው። የነበሩት እያሉ እንጠይቃቸው።

ቸር እንሰንብት።