የአርኪዮሎጂ መዝገብ ከሐዳር እስከ ወለጋ

በነቀምት ከተማ፣ በቡርቃ ጃቶ የሚማር አንድ ልጅ ከአባቱ ማሳ የተጠረበ ድንጋይ አግኝቶ ቢያመጣ፣ መምህሩ አመስግኖ በመደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ድንጋዩ ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ያህል ጥልቀትና ከምን ጋር እንደ ተገኘ ካልተጻፈ ግን ምስክርነቱ በአመዛኙ ከማሳው ቀርቷል። ስለ መረጃ አያያዝ ሲነሣ ኮምፒዩተርን ብቻ የምናስብ ከሆነ የነገሩን ሥር ስተናል።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የመዝገብ ስሟ «ኤ.ኤል. 288-1» ነው፤ ይኸውም በአፋር፣ በሥፍራ ቁጥር 288 የተመዘገበች ቁጥር 1 ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት ከሥፍራ 333 ከ200 በላይ ስብርባሪዎች ተሰበሰቡ፤ የ13 ያህል ግለሰቦች ቅሪት ናቸው። ቦታቸው ባይመዘገብ ኖሮ እንደ አንድ ስብስብ ሊጠኑ ባልተቻለም ነበር።

ኮምፒዩተር የመጣው በዚህ ልማድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በባህል ሚኒስቴር በኩል የተጀመረው የቅሪተ አካል ሥፍራዎች ቆጠራ ከላንድሳት ሳተላይትና ከጠፈር መንኩራኩር የተነሡ ምስሎችን እየመረመረ የደለል ንጣፍ የተጋለጠባቸውን አካባቢዎች ለየ። ዶክተር ብርሃነ አስፋው ከባልደረቦቻቸው ጋር በተካፈሉበት በዚህ ሥራ በ1991 በኮንሶ ጥንታዊ የእጅ መጥረቢያዎች የሞሉበት ሥፍራ ተገኘ። ምስሉ መሄጃውን ጠቆመ እንጂ መጥረቢያውን አላሳየም፤ ያን ያየው በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

ዘዴው ለወለጋ እንዳለ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ምድሩ የተራቆተ በመሆኑ ከላይ ይነበባል፤ በምዕራብ ግን ደን፣ ሣርና ቀይ አፈር ይሸፍኑታል። ቀድሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው አሶሳ አካባቢ የስፔን ተመራማሪዎች የድንጋይ መሣሪያዎችን ያገኙት ቃባና ቤል ቁርቁሙ በተባሉ የዐለት መጠለያዎች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን መጠለያ ከሳተላይት ይልቅ እረኛ ያውቀዋል።

መምህሩ መቆፈር አይገባውም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለባለሥልጣን ይነገራል። የሚችለው ቀኑን፣ የአግኚውን ስምና የቦታውን ንድፍ በደብተር ማኖር ነው። የቦታ ስም ደግሞ ነዋሪው እንደሚጠራው፣ በአንድ አጻጻፍ ይጻፍ፤ ሰው ነቀምት፣ ነቀምቴና ለቀምት አንድ ከተማ መሆናቸውን ያውቃል፤ ያልተነገረው ኮምፒዩተር ግን ሦስት ከተማ ያደርጋቸዋል።