ከጠገራ ብር እስከ ቴሌግራም፦ የነጋዴ ስም እንዴት ይጠበቃል?

በኑዛዜ እንጀምር። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቱን ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ይላቸዋል። አንድ ቀን በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሚስማር የተጋገረበት ዳቦ ፎቶ ተለቀቀ፤ «የጋሼ ዳቦ ነው፣ ተጠንቀቁ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። እኛስ ምን አደረግን? ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን «ፎርዋርድ» አደረግነው። ከመሃላችን ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን አለን። «ሳታጣራ አትጻፍ» የሚለውን ለፈተና ሸምድደነዋል። ለዳቦ ሲሆን ግን ረሳነው።

ጋሼ ነገሩን የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም ዳቦው ሳይሸጥ ማደር ሲጀምር። ፎቶው የሳቸው ዳቦ አልነበረም። ፈልገን ስናገኘው ቀደም ብሎ በሌላ አገር ገጾች ላይ ሲዞር የከረመ ነው። አፍረን ልንነግራቸው ስንሄድ ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ታሪክ ሄድን። ለመሆኑ የአገራችን ነጋዴ ስሙን ከወሬ ሲጠብቅ የኖረው እንዴት ነው?

ዱሮ ገበያተኛው ራሱ አጣሪ ነበር። ጠገራ ብር (የማርያ ቴሬዛን ማለታችን ነው) ሲቀበል ዝም ብሎ ኪሱ አይከትም። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎችና የትከሻዋን ማያያዣ አገላብጦ ካላየ አይረካም። የአቢሲኒያ ባንክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና በኋላም የወረቀት ገንዘብ ሲያሳትም ትልቁ ፈተናው ይኸው ጥርጣሬ ነበር። እጁ ላይ የሚከብድ ብር የለመደ ሰው ወረቀት እንዴት ይመን? ባንኩ በ1923 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባንክ ቦታውን ሲለቅም ጠገራው ገና ከገበያ አልወጣም ነበር። እንግዲህ የንግድ መሠረቱ እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው። የሚፈርሰው ግን በአንድ አፍ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2057 ላይ፣ ሐሰተኛ ነገር በማሳተም ወይም ከቅን ልቦና ውጪ በሆነ ሌላ መንገድ የአንድን ዕቃ ስም ወይም የአንድን ንግድ ቤት ታማኝነት የሚጎዳ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ፌስቡክ ከመወለዱ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ (ቁጥር 1185/2012) ደግሞ ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ በሚፈጸም ጥፋት ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። ይሁንና አዋጁ ያነጣጠረው ሁከትና ግጭት ሊያስነሳ በሚችል ውሸት ላይ ነው። ለጋሼ ዳቦ የሚቀርበው ያ የድሮው አንቀጽ ነው። ግን ዳቦው ዛሬ ነው የሚያድረው፤ ፍርዱ መቼ ይደርሳል?

የትልልቆቹን ታሪክ እንይ። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የሞተበትን ሁከት ያባባሰው በፌስቡክ የተነዛ ሐሰተኛ ወሬ ነው ብሎ ለቢቢሲ ተናግሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በተከተለው ሁከት የኃይሌ የሻሸመኔ ሆቴል ተቃጠለ። መንግሥት ደግሞ ኢንተርኔቱን ለሳምንታት ዘጋ። በመስመር ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን በአንድ ሌሊት አጣ። ስለዚህ አደጋው ከወሬው ብቻ ሳይሆን ወሬውን ለማቆም ከሚወሰደው እርምጃም ይመጣል።

ወሬው እውነት ሲሆንስ? መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ነገሩ በመልእክት መለዋወጫዎች በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ተዛመተ፤ ገና ሳይነጋ የገንዘብ ማሽኖቹ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ወጣ የተባለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን አብዛኛውም ተመለሰ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቷቸውን አውጥቶ ለጠፈ። ልብ በሉ! በወሬ የተጎዳው ተቋም መልሶ የታጠቀው የሰውን ስም ነው። ንግድ ባንክ ይህን ማድረግ ይችላል። ጋሼ የማንን ፎቶ ይለጥፉ?

እንግዲህ ትንሹ ነጋዴ ምን ያድርግ? ከጋሼ ጋር ተቀምጠን የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ወሬው ሳይቀድም ስምን መያዝ። ገጹን ሌላ ሰው በስማቸው ሳይከፍተው ራሳቸው ከፈቱ።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን በእጅ መያዝ። ገጹን የምትሠራላቸው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ነገ ሥራ ብትቀይር የይለፍ ቃሉ አብሯት እንዳይሄድ ገጹ በሳቸው ስልክ ቁጥር ተመዘገበ፣ በኮድ የሚረጋገጥ ሁለተኛ መቆለፊያም ተደረገለት።

ሦስተኛ፣ ቶሎ መመለስ። ስድብን በስድብ ሳይሆን «መቼ ገዙት? ደረሰኙን ይዘው ይምጡ» ብሎ። ጥፋቱ የራስ ከሆነ ደግሞ ሳይሸሹ ማመን።

አራተኛ፣ የተለጠፈውን ከነቀኑና ከነላኪው ስም ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ። ላኪው ሊያጠፋው ይችላል፤ ማስረጃ የሌለው አንቀጽ 2057ን ቢጠቅስ አይጠቅመውም።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን አምስተኛው የእኛ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ሰው። አያቶቻችን አንድ ብር ሲቀበሉ ዕንቁዋን ይቆጥሩ ነበር፤ እኛ ግን የሰውን እንጀራ የሚዘጋ ፎቶ ስንቀበል አንድ ጊዜ እንኳ አላገላበጥንም። ማስተካከያውን በዚያው ግሩፕ ጽፈናል። የሚስማሩን ፎቶ ያየው ሁሉ እንዳላየው እናውቃለን።

ከሳሊተ ምሕረት ጎን ያለው ሲኤምሲ ስሙን የወረሰው ከጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ነው። ታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» እያለ ይጣራል። ስም ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው፤ ጥሩውም፣ መጥፎውም። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ቀጣዩን ፎቶ ከመላካችሁ በፊት እስኪ ዳቦ ቤቱ ድረስ ብቅ በሉ። ጋሼ አሁንም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናቸው።