ፀሐይ ዳግም ትብረር?

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠራት ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ጦር ወደ አገሩ ወሰዳት። በሮማ አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ኖራ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ታድሳ ተመለሰችልን።

ትብረር የሚል ይኖራል። ነገር ግን ለዕይታ ማደስና ለበረራ ማደስ ለየቅል ናቸው። ለመብረር ሞተሩ እስከ ውስጡ መፈታት፣ ያረጀው ሁሉ መለወጥ አለበት። ያኔ ከጥንታዊቷ ፀሐይ ምን ይተርፋል?

እኔስ እሷ በቅርስነቷ ትረፍ፣ አምሳያዋን ግን የዛሬ ወጣቶች ሠርተው ያብርሩ እላለሁ። የተመለሰልን አካሏ ነው፤ ሙያውን መመለስ የኛ ፈንታ ነው።