የበግ ንግድ በመንዝ፦ ከምን እንጀምር?

በመንዝና በግሼ የምትኖሩ ከሆነ መነሻ ካፒታላችሁ በረት ውስጥ ቆሞ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። ገንዘብ ሲቸግረን ቶሎ ያደገውን ጠቦት ቀድመን እንሸጣለን፤ ደካማው አውራ ሆኖ ይቀርና መንጋው ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል። በ2009 እ.ኤ.አ በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ይህንኑ የሚያርም ነው፤ ገበሬዎቹ ምርጡን አውራ ሳይሸጡ በጋራ ይጠቀሙበታል። እናንተም ከጎረቤት ጋር ተማከሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ አባል ባይሆንም።

ማድለብ ለምትፈልጉ፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የበግ ገበያ ይቀዘቅዛል። እኛ ባንጾመው እንኳ ገበያው ይጾማል! በጾሙ መግቢያ ገዝታችሁ ለፋሲካ አድርሱ። መኖውን ግን በጎቹን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ፤ ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው ያስተማረው (ሉቃ. 14፥28) ለዚህም ይሆናል።

ብድር ከወሰዳችሁ (የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው) ሠርግ አትደግሱበት። የበጉንና የጓዳውን ገንዘብ ለዩ። አሥራትንም ከትርፉ አውጡ፤ ዋናውን ሰጥተው ባዶ በረት ይዘው የቀሩ ወገኖች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን የምለው።