ከዛንዚባር እስከ ሞያሌ፦ የብሪታንያ ውሎችና የቦረና ድንበር

ዛሬ ወደራ፣ ነገሌ፣ ሜጋና ሞያሌ የሚገኙበት የደቡብ ቆላ በቅኝ ገዥዎች የድርሻ ካርታ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው በአዲስ አበባ በኩል ሳይሆን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል፣ ብሪታንያ ከዛንዚባር የዓረብ ሱልጣኖች ጋር ባደረገቻቸው ውሎች ተንደርድሮ ነው። የቦረና ድንበር ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1907ቱ የአዲስ አበባ ውል ስለሚጀመር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህ የባሕር ዳር መነሻው በአብዛኛው ይዘነጋል።

የኦማኑ ገዥ ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን መናገሻውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ፣ ብሪታንያ በ1841 በደሴቲቱ ላይ ቆንሲል አስቀመጠች። ሰዒድ በ1856 ሲሞት ልጆቹ በውርስ ተጣሉ፤ የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ካኒንግም በ1861 ነገሩን ዳኝቶ መስቀጥን ለአንደኛው፣ ዛንዚባርን ለሌላኛው ሰጠ፣ ዛንዚባርም ለመስቀጥ በየዓመቱ 40,000 ማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም በኢትዮጵያ ገበያም ይዘወተር የነበረውን ጠገራ ብር፣ እንድትከፍል ፈረደ። ዳኛ ሆኖ የገባው መንግሥት ከዚያ ወዲያ ከቤቱ አልወጣም። በ1873 ቆንሲሉ ጆን ከርክ ሱልጣን ባርጋሽን የባሪያ ገበያውን እንዲዘጋ በመርከብ ከበባ አስፈራርቶ አስፈረመው። ውሉ በራሱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ሱልጣኑ ከተጫኑት እንደሚፈርም ለለንደን ሹማምንት ያረጋገጠው ይኸው ውል ነው። በ1886 ብሪታንያና ጀርመን ተስማምተው የሱልጣኑን የየብስ ግዛት በአብዛኛው አሥር የባሕር ማይል ስፋት ባለው የጠረፍ መቀነት ሲወስኑት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው አገር ለሁለቱ ኃያላን ክፍት ሆነ። የጠረፉን አስተዳደርም በ1887 በዊልያም ማኪኖን ለሚመራው የብሪታንያ ኩባንያ ሱልጣኑ ራሱ በኮንሴሲዮን፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚሰጥ የአስተዳደርና የቀረጥ መብት፣ አሳልፎ ሰጠ።

የሱልጣኑ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለብባቸው የነበሩት የቤናዲር ወደቦች፣ እነ ሞቃዲሾ፣ መርካና ብራዋ፣ ከቦረና ጋር የሚገናኙት በጁባ ወንዝ ላይ ባለችው በሉቅ ከተማ በኩል ነበር። የቦረና የዝሆን ጥርስ በገሪ የሲራራ ነጋዴዎች ግመል ተጭኖ ሉቅ ይደርሳል፣ ከሉቅ ደግሞ ወደ ጠረፍ ይወርዳል። ወደቦቹን ኢጣልያ በ1892 ተከራየች፤ በ1905 ደግሞ በብሪታንያ አገናኝነት በ144,000 ፓውንድ ገዛቻቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1908 ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል፣ ኢጣልያ ስለ ሉቅ ሦስት ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። በጊዜው ምንዛሪ ሁለቱ ክፍያዎች ብዙም የማይራራቁ መሆናቸው አንድ ነገር ያመለክታል፦ የወደቦቹ ዋጋ የሚመነጨው ከኋላቸው ካለው አገር ነበርና ኢጣልያ በሩን ከዛንዚባር፣ መንገዱን ከአዲስ አበባ መግዛት ነበረባት።

ለወደራና ለነገሌ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በመጋቢት 1891 በሮም የተፈረመው የብሪታንያና የኢጣልያ ፕሮቶኮል ነው። በዚህ ሰነድ ሁለቱ መንግሥታት የጁባን ወንዝ ይዘው እስከ ስድስተኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ከወጡ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ታጥፈው «የተጽዕኖ ክልላቸውን» ተካፈሉ፤ የተጽዕኖ ክልል ሲባል አንድ ኃያል መንግሥት ገና ሳይዘው ሌላው እንዳይገባበት የሚያስከብረው አገር ማለት ነው። ነገሌም ሆነች ወደራ ከስድስተኛው መስመር በስተ ደቡብ ስለሚገኙ በዚያ ወረቀት መሠረት የብሪታንያ ድርሻ ነበሩ። ይህን ከገዳ አባቶች አንድም ሰው አልሰማም፤ ዐፄ ምኒልክም አልተጠየቁም።

እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ የሚደርስ ወሰን ጠየቁ፤ ከዓድዋ ድል በኋላም የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረናን ይዞ የወረቀቱን ክፍፍል ከንቱ አደረገው። በ1897 ወደ አዲስ አበባ የመጣው በሬነል ሮድ የሚመራው የብሪታንያ መልእክተኛ ቡድን የሶማሌላንድን ወሰን ጨርሶ የደቡቡን ሳይነካ ተመለሰ። በ1902 እና በ1903 አርቺባልድ በተር የተባለው የቅየሳው ጉዞ መሪና ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለው መሐንዲስ ቆላውን ቀይሰው ያቀረቡት መስመር በታኅሣሥ 1907 ለተፈረመው ውል መሠረት ሆነ። ብሪታንያ ከስድስተኛው መስመር ተነሥታ እስከ ሞያሌ አካባቢ ወደ ደቡብ ማፈግፈጓ ከዛንዚባሩ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ሱልጣኑ በፈረመ ቁጥር አገሩ ሲጠብበት፣ በስፍራው ጦር የነበራቸው ምኒልክ በፈረሙት ውል በ1891 ለሌላ ተሰጥቶ የነበረውን አገር አጸኑ።

ለቦረናዎች ግን መስመሩ ከወዲህም ይሰመር ከወዲያ የሚቆርጠው ውኃቸውን ነው። በቦረና ኤላ የሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ መጀመሪያ ባስቆፈረው ሰው ጎሣ ይጠራል፤ የባለቤትነቱን አደራ የሚይዘው አባ ኮንፊ ሲሆን፣ የየዕለቱን የማጠጫ ተራ የሚደለድለው ደግሞ አባ ሄረጋ ነው። ወጣቶች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ኦኮሌ የተባለውን የቆዳ ባልዲ በዜማ እየተቀባበሉ ከጭቃ በተሠራው ገንዳ ውስጥ ይገለብጣሉ፤ ከብቱም ተራው ሲደርስ ብቻ ወደ ገንዳው ይወርዳል። የ1907ቱ ውል ይህን ሥርዓት ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን እንዲያሰማሩና ወደ ጉድጓዶቹ በነጻ እንዲደርሱ ይፈቅዳል፣ ሲሻገሩ ግን ለአገሩ ባለሥልጣን ይገዙ ይላል። በሁለት አንቀጽ መካከል የገባችው ይህች ሐረግ ናት ኋላ የግብርና የዳኝነት ክርክር ያስነሣችው፤ አባ ሄረጋ በተራ የሚያስተናግደው እንግዳ በአንድ ጊዜ የሌላ መንግሥት ዜጋ ሆኖ ተገኘና።

መስመሩን ይጠብቅ የነበረው ሰው ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ ብሪታንያ የድንበር ተቆጣጣሪ አድርጋ ሾማው፣ በሞያሌም በአዲስ አበባው የብሪታንያ ወኪል ስም ፎርት ሃሪንግተን የተባለውን ምሽግ አቋቋመ። ሻለቃ ቻርልስ ግዊን በ1908 እና በ1909 ድንበሩን በምድር ላይ ሲያመለክት ገደዱማን የመሳሰሉ ጉድጓዶች ወደ ብሪታንያ ወገን እንዲገቡ መስመሩን በየስፍራው ስላሻሻለው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት አልቀበልም አለ። በሜጋ የብሪታንያ ቆንስላ ተከፍቶ እነ አርኖልድ ሆድሰን ከተቀመጡበት በኋላም ጉዳዩ በደብዳቤ ሲመላለስ ኖረ። በዛንዚባር አንድ ቆንሲል ከሱልጣኑ ጋር ተነጋግሮ ነገሩን ይቋጭ ነበር፤ በሜጋ የነበረውን ቆንሲል ግን የድንበሩ ገዥ ወደ አዲስ አበባ ይመራው፣ አዲስ አበባም መልሳ ወደ ገዥው ትልከው ነበር፣ በዚህ መሐል ዓመት ያልቅ ነበር።

በየካቲት 1941 ሜጋን ከኢጣልያ ያስለቀቁት በብሪታንያ እዝ ሥር የተሰለፉ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ተነሥተው ይህንኑ ያልተቋጨ ድንበር ተሻግረው ነበር፤ ወደራም በግንቦት ተለቀቀች። የዛንዚባር ሱልጣን በኪራይ ተሰጥቶ የነበረውን የኬንያ ጠረፍ በ1963 ለነጻዪቱ ኬንያ ለቀቀ፤ በጥር 1964 ደግሞ ከዛንዚባር ዙፋኑ ተገለበጠ። ኢትዮጵያና ኬንያ ከ1907ቱ ውል የተነሣውን ድንበር በራሳቸው ፊርማ የቋጩት በሰኔ 1970 ነው።