የንክኪ ስክሪኖች ጣትን እንዴት ያውቃሉ? ዓይነቶቻቸውና የዕለት ተዕለት አገልግሎታቸው

በስልክ ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ጣት በባንክ ማሽን ወይም በገበያ አዳራሽ መክፈያ ላይ አልሠራ ሲል፣ ብዙ ሰው ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። በዕድሜ የገፉ ወላጆችማ «የእኔ እጅ አይሆነውም» ብለው ስልኩን ለልጆቻቸው ይመልሳሉ። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከመስታወቱ ሥር ነው። በተለምዶ «ተች» የምንላቸው የንክኪ ስክሪኖች ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም ንክኪን የሚያውቁበት መንገድ የተለያየ ነው።

ኤሌክትሪክን የሚለካው ስክሪን

ዛሬ በስማርት ስልኮችና በታብሌቶች ላይ የሚገኘው ዓይነት «ካፓሲቲቭ» ይባላል። ከመስታወቱ ሥር ለዓይን የማይታዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ስስ መስመሮች በቁምና በአግድም ተዘርግተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከተባለ ብርሃን የሚያሳልፍ ውህድ ነው። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት ሲቀርብ በመስመሮቹ መገናኛ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይለወጣል። መሣሪያው ይህን ለውጥ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየለካ ጣቱ ያረፈበትን ቦታ ያሰላል።

ከዚህ አሠራር ብዙ ነገር ይከተላል። ስክሪኑ መጫንን አይፈልግም፤ መንካት ይበቃል። በርካታ ጣቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚለይም ፎቶግራፍን በሁለት ጣት ማስፋትና ማጥበብ ተችሏል። በአንጻሩ በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ስልክ ለማንሳት ጓንት ማውለቅ ግድ ይላል፤ የሱፍ ጓንት ጣትን ከመስኩ ይከልለዋልና። በጣቶቹ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክር ያለበት ጓንት ለገበያ የቀረበውም ለዚሁ ነው። በጥፍር ጫፍ መንካትም እንዲሁ አይሠራም። ዝናብ ያረፈበት ስክሪን ደግሞ የውኃውን ጠብታ እንደ ጣት ሊቆጥረው ይችላል።

የወላጆቻችን ችግርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዕድሜ የደረቀ ወይም በዘመናት ሥራ የሻከረ ቆዳ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ ስክሪኑ የሚያገኘው ምልክት ደካማ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው በተፈጥሮው ጠበቅ አድርጎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይጫናል። ስልኩ ግን ረጅም ንክኪን እንደ ሌላ ትእዛዝ ስለሚተረጉም ያልተጠራ ዝርዝር ይከፍታል፤ ወይም ምልክቶቹ ከቦታቸው ይነሳሉ። መፍትሔው ቀላል ሊሆን ይችላል፦ እጅን ቅባት መቀባት፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን ወፈር ባለው የጣት ሆድ መንካት፣ ወፍራም የስክሪን መከላከያን ማንሳት። ከዚህም ሌላ በአይፎን «አክሰሲቢሊቲ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለው «ተች አኮሞዴሽንስ» ስልኩ ምን ያህል የቆየ ንክኪ እንዲቀበልና ተደጋጋሚ ንክኪን እንዲተው ለማዘዝ ያስችላል፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች እጅግ ይጠቅማል። በአንድሮይድ ስልኮችም ረጅም ንክኪ የሚቆጠርበትን ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ለእናት ወይም ለአባት ስልክ የሚልክ ሰው ይህን አስተካክሎ ቢልክ መልካም ነው።

ግፊት፣ ብርሃንና ድምፅ

«ሬዚስቲቭ» የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት የሚሠራው በግፊት ነው። በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ያለባቸው ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት፤ ላይኛው ሲጫን ከታችኛው ጋር ይገናኝና የተነካው ቦታ ይታወቃል። ስለዚህ በጓንትም፣ በእስክሪብቶ ጀርባም፣ በጥፍርም ይሠራል። በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችና በቆዩ የመክፈያ ማሽኖች ላይ አሁንም ይገኛል። ድክመቱ የላይኛው ንጣፍ ለስላሳ በመሆኑ መጫጫሩ፣ ምስሉም ደብዘዝ ማለቱ ነው። ከጊዜ በኋላ ልኬቱ ሊዛባም ይችላል፤ አንዱን ምርጫ ነክተን ጎኑ ያለው ሲበራ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

በትምህርት ቤቶች የሚታዩ ትልልቅ የንክኪ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ከፍሬሙ ዙሪያ የሚወጡ የማይታዩ ጨረሮች ስክሪኑን እንደ መረብ ይሸፍኑታል፤ ጣት ሲያቋርጣቸው ቦታው ይለያል። ዝንብ ብታርፍበትም ሊታለል ይችላል። ሌላው ዓይነት በመስታወቱ ላይ የሚጓዝ፣ ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ይጠቀማል፤ ጣት ሞገዱን ሲውጠው ማሽኑ ያውቃል።

ብዙዎች የንክኪ ስክሪን ከአይፎን ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣ ይመስላቸዋል። ሆኖም ኢ.ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለአየር ትራፊክ ቁጥጥር የሚውል የንክኪ ስክሪንን የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣው በ1965 ነበር። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1972 በፕላቶ 4 የትምህርት ኮምፒውተር ላይ የኢንፍራሬድ ንክኪን ተጠቅሟል፤ አይቢኤም ደግሞ ሳይመን የተባለውን የንክኪ ስልክ በ1994 ለሽያጭ አቅርቧል።

ፊደልና ንክኪ

ለአማርኛ ጸሐፊ የንክኪ ስክሪን ከሌላው የበለጠ ጥቅም አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 33ቱ የፊደል ዘሮች በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ማስፈር ስላልተቻለ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ምልክቶች መገጣጠም አስፈልጎ ነበር። የስክሪን ኪቦርድ ግን በየንክኪው ራሱን ይለውጣል፦ «ለ» ሲነካ ከ«ሉ» እስከ «ሎ» ያሉት ይደረደራሉ። የላቲን ፊደል የማያውቁ ሰዎች በገዛ ፊደላቸው መልእክት መጻፍ የቻሉት በዚህ ዓይነት ኪቦርድ ነው።

ለዓይነ ስውራን ግን ለስላሳ መስታወት ብዙ ነገር አሳጥቷል፤ ቁልፍን በዳሰሳ ማግኘት ቀርቷልና። አፕል በ2009 በአይፎን 3ጂኤስ ላይ ያስገባው «ቮይስኦቨር» አንድ መልስ ሰጥቷል፦ ጣት ያረፈበትን ነገር ስልኩ በድምፅ ያነባል፤ ሁለት ጊዜ መታ ሲደረግ ይከፈታል። በአንድሮይድ «ቶክባክ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መመዘኛዎች ኤቲኤሞች በድምፅ እንዲመሩ ያዛሉ፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ በማሽኑ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቁልፍ የሚመለስባቸው ቦታዎች

ዓይንን ከሌላ ሥራ ማንሳት በማይቻልበት ቦታ የንክኪ ስክሪን ጥያቄ እየተነሳበት ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መዛኝ ድርጅት፣ ከ2026 ጀምሮ በሥራ ላይ በሚያውለው መመዘኛ ለፍሬቻ፣ ለጥሩምባ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአደጋ ጥሪ የሚዳሰስ ቁልፍ ያላቸውን መኪኖች በነጥብ ይደግፋል። በነሐሴ 2017 የአሜሪካ የጦር መርከብ ጆን ኤስ. ማኬን በሲንጋፖር አቅራቢያ ከታንከር መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሞተዋል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመርከቧ የንክኪ መሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ አሠራር ለስህተት የተጋለጠ እንደነበር ካረጋገጠ በኋላ፣ የባሕር ኃይሉ በ2019 በዚያው ዓይነት መርከቦች ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በእጅ ወደሚጨበጥ እጀታ እንደሚመልስ አስታወቀ።