ሐይቁና የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ክፍሉ

የዓለማያ ልጆች በተገናኘን ቁጥር ሐይቁን ሳናነሳ አንለያይም። አንጋፋዎቹ ሞልቶ ያዩትን ውኃ ያወራሉ፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ከብት የሚግጥበትን ደረቅ ሜዳ። እኔ ሐኪም ነኝ፣ አፈርና ውኃ ሙያዬ አይደለም። ግን የእህቴ ልጅ ሐረማያ ገብታ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሲደርሳት ቤተሰቡ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም አለ። «ተመርቃ ምን ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ቀረበ። እኔም መልሱን ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ሄድኩ።

ኮሌጁ የተወለደው የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በ1944 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት ነው። ሥራውን የተረከበው ኋላ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው ኮሌጅ ሲሆን፣ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. ዓለማያ ገባ፤ ጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው ከፈቱት። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። ኦክላሆማ ራሷ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ አፈሯ በነፋስ ተጠርጎ ገበሬዎቿ የተሰደዱባት አገር ናት። አሜሪካ በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በዚያ መከራ ምክንያት ነው። ስለዚህ መምህራኑ የመጡት አፈር ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ካየ አገር ነበር።

የዓለማያ ስም የገነነው ግን በአፈር ጥበቃ ሳይሆን በምርት ነው፤ ያኔ የሚፈለገውም እሱ ነበር። ከእኛው ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህ ኩራታችን ነው፣ መቼም አይቀንስም።

አፈር በአገር ደረጃ መነጋገሪያ የሆነው ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ ነው። ገበሬው እህል እየተሰፈረለት እርከን ሠራ። በ1970ዎቹ ደግሞ የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲና ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ከፈቱ፤ አንዱ ሁንዴ ላፍቶ፣ እዚሁ ሐረርጌ ነበር። ከዚያ ምርምር የወጣው የሃንስ ሁርኒ ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በትልልቅ የጭነት መኪና ቢሰላ ከአንድ መኪና በላይ ነው እንግዲህ።

ይህ ሁሉ ሲጠና ሐይቁ ከግቢያችን አጠገብ እየሞተ ነበር። ሐረር፣ አወዳይ፣ የዓለማያ ከተማና ዩኒቨርሲቲው ከእሱ ይጠጣሉ፤ በዳርቻው ያለው ገበሬ በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣል፤ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል ይወርድበታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ገበሬውን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም፤ ጫት ልጆቹን ያስተማረለት ሰብል ነው። ማን ምን ያህል ውኃ ይሳብ የሚል ደንብ አውጥቶ የሚያስከብር ባለሙያ ያስፈልግ ነበር፣ የዚያ ሰው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ሐረር በኋላ ውኃዋን ከድሬ ጃራ፣ ከድሬዳዋ ቆላ፣ ሽቅብ በፓምፕ ማስመጣት ግድ ሆነባት። የውኃ እጥረት ዳፋው እኛ ሐኪሞች ዘንድ ይደርሳል፤ ጀሪካን ገዝቶ የሚኖር ቤት እጅ መታጠቢያ አይተርፈውም፣ ልጁም በተቅማጥ ተመላልሶ ይመጣል። ለልጁ ፈሳሽ እንሰጣለን፤ ምንጩን ግን አንነካውም።

ወደ ሥራው ልመለስ። በየቀበሌው ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይመደብ ሲባል አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ለእርከን፣ ለክትርና ለተፋሰስ ሥራ ባለሙያ ፈለገ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ለአማካሪዎች በር ከፈተ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ ደግሞ ገበሬዎች ወደ 2,700 ሄክታር የሚሆን ጫካ እንዲያገግም አድርገው ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አግኝተዋል። በሮቹ ስለዚህ የሉም አይባልም። ችግሩ ትልቁ ቀጣሪ ያው መንግሥት መሆኑ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲበዛ የወረዳው መደብ ግን አብሮ አልበዛም። ተመራቂው ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት መቅጠር የነበረበት ውኃውን የሚጠጣው ወገን ነው። የከተማ የውኃ አገልግሎት የቧንቧና የፓምፕ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ውኃው የሚመነጭበትን ተራራ የሚጠብቅ ባለሙያ የቀጠረ ግን ስንቱ ነው? አትክልት ላኪው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ የግድብ ባለቤቱስ? ከመካከላችን በእነዚህ ቦታዎች ወሳኝ ወንበር ላይ የተቀመጡ ብዙ አሉ። ፋኩልቲውም ቢሆን ተማሪውን ከዕፅዋት ስምና ከእርከን ስፋት ባሻገር በጀት ማዘጋጀትን፣ ውል ማንበብን፣ ካርታ በኮምፒውተር መሥራትን ቢያስተምረው ተመራቂው የሚያንኳኳው በር ይበዛለታል።

ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውኃ ይዞ ተመልሷል። የእህቴ ልጅም ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። የመመረቂያ ጥናቷን ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ልትሠራ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ክትሩ ምን ያህል ደለል እንደሚያስቀር ትለካለች። ቤት ውስጥ አሁንም «ምን ልትሆን ነው?» ይባላል። እሷ ግን ጭቃ የነካው ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገብታ፣ የሰበሰበችውን ቁጥር ላፕቶፕ ላይ ትሞላለች።